ሠናይትና ሰናይት ጎን ለጎን እንዲቆሙ፦ ስለ ላምዳና ስለ ፈንክሽናል ኢንተርፌስ

ጥያቄው፦ «የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የተማሪዎችን ስም በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም በጃቫ እየሠራሁ ነው። ሦስት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ጃቫ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ነው ተብለን ተምረን ላምዳ ከየት መጣ? ፈንክሽናል ኢንተርፌስ የሚባለውስ ለምን አስፈለገ፣ ላምዳውን ብቻ መጻፍ አይበቃም? ሁለተኛ፣ ላምዳ ውስጥ ቆጣሪ ልጨምር ስል ኮምፓይለሩ እምቢ ይለኛል። ሦስተኛ፣ ድርደራው ሠናይትን ከሰናይት፣ ኃይሉን ከሀይሉ እያራራቀ አስቸግሮኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎቹን በሦስት ከፍለሽ ብትጽፊያቸውም መነሻቸው አንድ ነው። ሦስተኛው ካልተፈታ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፈተና የሚሸመደዱ ትርጉሞች ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ከስሞቹ ልጀምር።

ጃቫ ሁለት ቃላትን ሲያወዳድር ድምፃቸውን አይሰማም፤ የሚያየው ለእያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት) የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የተመዘገበው በሀለሐመ ተራ ስለሆነ አብዛኛው ስም ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ቦታውን ይይዛል። የሚያስቸግሩት ሞክሼዎቹ ናቸው። ሠ ቁጥሩ 4640፣ ረ 4648፣ ሰ ደግሞ 4656 ነው። ስለዚህ ሠናይት ከነራሔልና ከነሮቤል በፊት ትሰለፋለች፣ ሰናይት ግን ከእነሱ በኋላ። ሀይሉ የዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ሲገኝ ኃይሉን ከቸርነት በታች ወርደሽ ትፈልጊዋለሽ። በአለምና በዓለም መካከል ከበደና ወርቁ ይገባሉ። ኮድሽ አልተሳሳተም፤ በፊደል ተራ ደርድር አልሽው፣ ደረደረ። እኛ ግን መዝገብ ላይ ስም የምንፈልገው በጆሯችን ነው። ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የቆመው ሰው ባለስሟ በየትኛው ሰ እንደምትጽፍ አያውቅም።

መጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ ስሞቹን ራሳቸውን ማስተካከል ነው፤ ሠን በሙሉ ወደ ሰ ለውጦ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ስሟን በፀ የምትጽፍ ፀሐይ ዲፕሎማዋ ላይ ጸሀይ ሆና መገኘት የለባትም። ስም የባለቤቱ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ካለው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር የምትንከራተተውም እሷ ናት። የሚያስፈልገን ስሙን ሳንነካ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ መልክ ነው። ይህ ማለት ለደርዳሪው ከዳታው ጋር ሥራም ማቀበል አለብን፦ «ከማወዳደርህ በፊት ስሙን በዚህ በኩል አሳልፈው» የሚል ሥራ። ሥራን እንደ ዕቃ አንሥቶ ለሌላ ማቀበል፣ የላምዳ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ላምዳ እንዲህ ለማቀበል የሚጻፍ ስም የሌለው አጭር ሥራ ነው።

ጃቫ ሥራን ማቀበል የጀመረው በላምዳ አይደለም። ኮምፓሬተር የሚባለው ኢንተርፌስ (ኢንተርፌስ በመሠረቱ ምን መሠራት እንዳለበት የሚናገር ውል ነው) ከጃቫ 1.2፣ ከ1998 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ረነብል ከጃቫ 1.0 ጀምሮ አለ። ሁለቱም የሚያዙት አንድ ሥራ ብቻ ነው። ኮምፓሬተር «ሁለት ነገር ስሰጥህ የቱ እንደሚቀድም ንገረኝ» ይላል፤ ረነብል «ሂድ ሲሉህ ሂድ» ይላል። ሥራውን ለማቀበል ግን ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) መጻፍ ነበረብሽ። ከጃቫ 1.1 ወዲህ ስም የሌለው ክላስ እዚያው መስመሩ ላይ መክፈት ተቻለ፤ ሆኖም ለአንድ መስመር ሐሳብ አምስት መስመር ቅንፍ መክፈትና መዝጋት ግድ ነበር። እኔ ሥራ የጀመርኩት በዚያ ዘመን ነው። የሌላ ሰው ኮድ ስናነብ ዓይናችን ሽፋኑን እየዘለለ ውስጥ ያለችውን አንድ መስመር ይፈልግ ነበር።

በማርች 2014 ጃቫ 8 ሲወጣ ያችን አንድ መስመር ብቻ አስቀርቶ ሽፋኑን አነሣው። ለጥያቄሽ ትልቁ ቁምነገር እዚህ ጋ ነው። በብራያን ጌትዝ የተመራው የላምዳ ፕሮጀክት ቋንቋው ላይ አዲስ «የተግባር ዓይነት» ሊጨምር ይችል ነበር፤ ሌሎች ቋንቋዎች አድርገውታል። የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው፦ አንድ ያልተተገበረ ሜተድ (ስሙ ተጠርቶ ሥራው ገና ያልተጻፈ) ብቻ ያለውን ማንኛውንም ኢንተርፌስ ላምዳ እንዲሞላው ማድረግ። እንዲህ ዓይነቱ ነው ፈንክሽናል ኢንተርፌስ የሚባለው። ጥቅሙ ሰፊ ነበር፤ ስለ ላምዳ ማንም ባላሰበበት በ1998 የተጻፈ ላይብረሪ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት ላምዳ መቀበል ጀመረ። ስለዚህ ላምዳ ኦብጀክት ኦሪየንትድነቱን ጥሶ የገባ ባዕድ አይደለም። የሚተካው ኢንተርፌሱን የሚተገብር አንድ ኦብጀክት ነው፤ የሚጠራውም እንደ ማንኛውም ኦብጀክት በሜተዱ ስም ነው።

«ላምዳውን ብቻ መጻፍ አይበቃም?» ላልሽው ይህችን ተመልከቺ፦

ፊደል -> ፊደል + 16

ይህች መስመር ብቻዋን ምንድን ናት? ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ተቀብሎ ኢንት የሚመልስ ኢንት ዩነሪ ኦፐሬተር ልትሆን ትችላለች። ኢንት ተቀብሎ ሎንግ (ሰፋ ያለ ሙሉ ቁጥር) የሚመልሰው ኢንት ቱ ሎንግ ፈንክሽንም ትሆናለች፤ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ለሚመልሰውም አትከብድም። ጽሑፉ አንድ ሆኖ ሳለ ዓይነቱ የሚለየው በተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ካልታወቀ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ፊደል የተባለው ነገር ቁጥር ይሁን ሌላ የሚያውቅበት መንገድ የለም። በጃቫ 10 የመጣውን ቫር (ዓይነቱን ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲለይ የሚያደርግ ቃል) ተጠቅመሽ ላምዳ ልታስቀምጪ ብትሞክሪ፣ ወይም ኦብጀክት በሚባለው ዓይነት ልትይዢው ብትፈልጊ የሚከለክልሽ ለዚህ ነው። ላምዳ ስም የለውም፣ የፓራሜተሩ ዓይነት ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ የሚመልሰውም አይነገርም፤ ይህን ሁሉ የሚሸከምለት ኢንተርፌሱ ነው።

አንድ ነገር በመሐል ልንገርሽ። ጃቫ የቫርያብልና የሜተድ ስም በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ይቀበላል፤ ላምዳ ውስጥም ብዙ ጊዜ የቋንቋው ቁልፍ ቃል አይገባም። ስለዚህ ከላይ ያለችው መስመር ምሳሌ ብቻ አይደለችም፤ በትክክለኛው ተቀባይ ፊት ብታስቀምጫት እንዳለች ትሠራለች። ከጃቫ 18 በፊት ያለ ስሪት ከያዝሽ ለኮምፓይለሩ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መቀመጡን መንገር ሊያስፈልግሽ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ሠ ከሰ የሚርቀው በ16 ነው፤ ከሠ እስከ ሧ ያሉት ስምንቱም በዚያው ርቀት ከሰ እስከ ሷ ካሉት ጋር ይጣመራሉ። ሐ ወደ ሀ በ16 ወደ ኋላ፣ ኀ ወደ ሀ በ128 ወደ ኋላ፣ ዐ ወደ አ በ48 ወደ ኋላ፣ ፀ ወደ ጸ በ8 ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አምስት ላምዳ ከመጻፍ ላምዳ የሚሠራ አንድ ሜተድ ጻፊ። ስሙን ዝውውር እንበለው፤ ከ፣ እስከ እና ርቀት የሚባሉ ሦስት ኢንቶች ይቀበላል፤ የሚመልሰው ኢንት ዩነሪ ኦፐሬተር ነው። የሚመልሰውም ይህን ላምዳ፦

ፊደል -> ፊደል >= ከ && ፊደል <= እስከ ? ፊደል + ርቀት : ፊደል

ከዚያ ደንቦቹ እንዲህ ይወጣሉ፦

ዝውውር('ሠ', 'ሧ', 16)
ዝውውር('ሐ', 'ሖ', -16)
ዝውውር('ኀ', 'ኆ', -128)
ዝውውር('ዐ', 'ዖ', -48)
ዝውውር('ፀ', 'ፆ', -8)

ሁለተኛው ጥያቄሽም የሚመለሰው በዚህች ትንሽ ሜተድ ነው። ዝውውር ላምዳውን መልሶ ሥራውን ጨርሷል። የአንድ ሜተድ የውስጥ ቫርያብሎች ሜተዱ ሲያልቅ አብረው ይጠፋሉ። ላምዳው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠራም ርቀት 16 እንደነበር ያስታውሳል። እንዴት? ሲፈጠር የርቀትን ዋጋ ገልብጦ ስለያዘ ነው። የያዘው ቫርያብሉን ሳይሆን ግልባጩን ነው። አሁን ያንቺን ቆጣሪ አስቢው፤ ላምዳው ውስጥ ቁጥር በአንድ ጨምር ብትይ የሚጨምረው የቱ ነው፣ ግልባጩ ወይስ ዋናው? ግልባጩ ከሆነ ውጭ ያለው ቆጣሪ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ አንቺም ለምን እንደሆነ ስትፈልጊ ታድሪያለሽ። ኮምፓይለሩ እምቢ የሚለው ከዚህ ሊያድንሽ ነው። ላምዳ ውስጥ የሚገባ የውስጥ ቫርያብል ፋይናል (የማይለወጥ) ባይባልም ከተሰጠው ዋጋ በኋላ ፈጽሞ መለወጥ የለበትም፤ ከላምዳው ውጭ ብትለውጪውም ያው ክልክል ነው።

ብዙ ሰው ክልከላውን የሚያልፈው ባለ አንድ ቦታ አሬይ (የዋጋዎች መደርደሪያ) ሠርቶ ቆጣሪውን እዚያ ውስጥ በመጨመር ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ አሬዩ ራሱ አልተቀየረምና። እኔ ግን አልመክርሽም። ነገ አንድ ሰው ስትሪሙን (የስሞቹን ፍሰት) ፓራለል ቢያደርገው ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) በአንድ ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ሲጽፍ ቁጥሩ ይጎድላል፤ አንድ ቀን ትክክል፣ ሌላ ቀን ስህተት ይሆናል። ሐሳቡን ገልብጪው፦ «እያለፍክ ቁጠርልኝ» ከማለት «እነዚህን ለይና ስንት እንደሆኑ ንገረኝ» በይ። ፊልተር የሚባለው ፕሬዲኬት (አዎ ወይም አይ የሚል ሥራ) ይቀበላል፣ ካውንት ቁጥሩን ይመልሳል፣ ቆጣሪ ቫርያብል ጨርሶ አያስፈልግሽም።

አምስቱን ደንቦች አንድ ማድረግ ቀረ። ኢንት ዩነሪ ኦፐሬተር ውስጥ ያልተተገበረው ሜተድ አንድ ቢሆንም ሥጋ ለብሰው የመጡ ዲፎልት ሜተዶችም አሉት፤ እነዚህ በቁጥር አይገቡም። ከነሱ ሁለቱ «አንድዜን» እና «ኮምፖዝ» ናቸው። ሁለቱም ሁለት ሥራዎችን አቀጣጥለው አንድ ያደርጋሉ፣ ልዩነታቸው በቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያውን ደንብ ይዘሽ አንድዜን ብትይ በቅንፍ የሰጠሽው በኋላ ይሠራል፤ ኮምፖዝ ብትይ ቀድሞ ይሠራል። አምስቱ ደንቦች እርስ በርሳቸው ስለማይነካኩ በየትኛውም ተራ ቢገቡ ውጤቱ አንድ ነው። ቀጥለን የምንጨምረው ስድስተኛ ደንብ ግን ይለያል፤ እኔንም አንድ ሙሉ ቀን ያሠቃየኝ እሱ ነው።

ዓለም ብለን እንሞክረው። ዓ ቁጥሩ 4819 ነው። 48 ሲቀነስ 4771 ይሆናል። አ ግን 4768 ነው! 4771 ራብዑ ኣ ነው። ደንባችን ዓለምን አለም አላደረገውም፣ ኣለም አድርጎታል። ኃይሉም እንደዚሁ ሃይሉ ይሆናል እንጂ ሀይሉ ላይ አይደርስም። በአማርኛ ሀና ሃ፣ አና ኣ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ይህን ደንብ መጨመር ያስፈልጋል፦

ፊደል -> ፊደል == 'ኣ' ? 'አ' : ፊደል == 'ሃ' ? 'ሀ' : ፊደል

አንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሲስተም ስሠራ ይህን ደንብ በኮምፖዝ አያያዝኩት። ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ሮጠ፣ ሠናይትና ሰናይት ተገናኙ፣ ደስ አለኝ። ዓለምና አለም ግን እንደተለያዩ ቀሩ። የሆነው ይህ ነው፦ ስድስተኛው ደንብ ቀድሞ ሲመጣ 4819ን አየ፣ ኣም ሃም ስላልሆነ አሳለፈው። ከዚያ የዐ ደንብ 4771 አደረገው። ኣን ወደ አ የሚመልሰው ደንብ ግን ተራው አልፏል። ኮምፖዝን በአንድዜን ስተካው 4819 ወደ 4771፣ 4771 ወደ 4768 ሄደ። ሁለቱም ደንቦች የአንድ ኢንተርፌስ ዓይነት ስለሆኑ ኮምፓይለሩ የቱ መቅደም እንዳለበት ሊነግርሽ አይችልም፤ ይህን የሚይዝልሽ ቴስት (ኮዱን የሚፈትን ኮድ) ብቻ ነው። ዓለም፣ ኃይሉ እና ፀሐይ የሚሉትን ሦስት ስሞች ቴስትሽ ውስጥ አስገቢያቸው።

አሁን ቁልፍ የሚባል ሜተድ ጻፊ፤ ስም ተቀብሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በደንቡ አሳልፎ መልሶ ቃል ያደርጋቸዋል። ኮምፓሬተር ላይ ኮምፔሪንግ የሚባል ስታቲክ (ያለ ኦብጀክት የሚጠራ) ሜተድ አለ፣ «በምን ላወዳድር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ላምዳ ነው፦

ተማሪ -> ቁልፍ(ተማሪ.ስም())

የተገኘውን ኮምፓሬተር መጀመሪያ ዓይነቱ በተጻፈ ቫርያብል ላይ አስቀምጪው፤ ቀጥሎ ዜን ኮምፔሪንግ ብለሽ በአባት ስም፣ ደግመሽ በአያት ስም ትቀጥያለሽ፦

ተማሪ -> ቁልፍ(ተማሪ.የአባት_ስም())
ተማሪ -> ቁልፍ(ተማሪ.የአያት_ስም())

ይህን በተለይ የምጠቅሰው ከውጭ አገር ትምህርት የሚቀዳ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ስም ስለሚጀምር ነው። እኛ የምንደረድረው በራስ ስም ነው፤ ሦስቱን መስመሮች በዚህ ቅደም ተከተል ያዢያቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማንም ስም አልተለወጠም፤ ቁልፉ ሲወዳደር ይፈጠራል፣ ዝርዝሩ ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቷ የጻፈችው ነው።

የራስሽን ፈንክሽናል ኢንተርፌስ መቼ ልትጽፊ ይገባል? ጃቫ 8 ያመጣው የፈንክሽን ፓኬጅ 43 ዝግጁ ኢንተርፌሶች አሉት፤ ፕሬዲኬት፣ ፈንክሽን፣ ኮንስዩመርና ሰፕላየር ዋናዎቹ ናቸው። ለአሁኑ ሥራሽ እነሱ ይበቃሉ። ዝግጁዎቹ የሚናገሩት ግን ቅርጽን እንጂ ትርጉምን አይደለም። ፕሬዲኬት «ተማሪ ተቀብሎ አዎ ወይም አይ ይላል» ከማለት አያልፍም፤ የማለፊያ መስፈርት ይሁን የስኮላርሺፕ መስፈርት አይነግርሽም። ሌላ ክላስ የሚቀበለው፣ ሌላ ሰው የሚሞላው ሥራ ሲሆን ስም ስጪው። ጃቫ ዓይነትን የሚለየው በስም ስለሆነ፣ ቅርጻቸው አንድ ቢሆንም የማለፊያ መስፈርት ተብሎ የተያዘ ቫርያብል የስኮላርሺፕ መስፈርት በሚጠበቅበት ቦታ አይገባም። ላምዳው እዚያው ቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ ግን የትኛውንም ቦታ ስለሚሞላ ይህ ጥበቃ አይሠራም፤ አስፈላጊ መስፈርቶችን መጀመሪያ በስማቸው ቫርያብል ላይ አስቀምጪና አቀብያቸው።

የራስሽን ስትጽፊ ከላዩ ላይ ፈንክሽናል ኢንተርፌስ የሚለውን አኖቴሽን (ለኮምፓይለሩ የሚነገር ምልክት) አድርጊበት። ባይኖርም ላምዳው ይሠራል፤ የአኖቴሽኑ ጥቅም ጠባቂነቱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሥራ ባልደረባሽ ሁለተኛ ያልተተገበረ ሜተድ ቢጨምርበት ስህተቱ ኢንተርፌሱ ላይ ይወጣል፤ ያለሱ ግን ላምዳ በተጻፈባቸው ሃያ ፋይሎች ላይ ይረጫል። ኮምፓሬተርን ከፍተሽ ብታይ ያልተተገበሩ ሁለት ሜተዶች ስታገኚ እንዳትደነግጪ፤ አንደኛው ኢኩዋልስ ነው፣ እሱ ከኦብጀክት ክላስ ለሁሉም ስለሚወረስ አይቆጠርም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ደግሞ አሉ። ስም በሌለው ክላስ ውስጥ ዚስ («ይህ ኦብጀክት» የሚለው ቃል) ስትይ ያንኑ ክላስ ነው የምትጠሪው፤ ላምዳ ውስጥ ዚስ ማለት ላምዳውን የያዘው ኦብጀክት ነው። የድሮ ኮድ ወደ ላምዳ ስትቀይሪ ዓይንሽ እሱ ላይ ይሁን። ሌላው፣ ስሞቹን ከፋይል የምታነቢ ከሆነ አይኦ ኤክሴፕሽን (የማንበብና የመጻፍ ስህተት ምልክት) የሚወረውር ሜተድ ኮንስዩመር (ተቀብሎ ምንም የማይመልስ ሥራ) ውስጥ ልትጠሪ ስትይ ትከለከያለሽ፤ የኮንስዩመር ሜተድ ምንም እንደሚወረውር አላወጀምና። ኮለብል የሚባለው የጃቫ ኢንተርፌስ አውጇል፤ የራስሽ ኢንተርፌስም ሊያውጅ ይችላል። ኤክሴፕሽኑን ላምዳው ውስጥ ይዘሽ ዝም አታሰኚው፤ ያልተነበበ የተማሪ ስም ሳይታወቅ ይቀራል።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ሠናይት ኃይሉ ወርቁ እና ሰናይት ሀይሉ ወርቁ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ካሉ በአዲሱ ኮምፓሬተራችን ልዩነታቸው ዜሮ ነው። ሊስት ስትደረድሪ ችግር የለውም፣ ሁለቱም ይቀራሉ። ትሪ ሴት ወይም ትሪ ማፕ (በኮምፓሬተር ተደርድረው ድግግሞሽ የማይቀበሉ መያዣዎች) ከተጠቀምሽ ግን ኮምፓሬተሩ ዜሮ ያለው ነገር አንድ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ከዝርዝሩ ትወጣለች። ስለዚህ ከአያት ስም በኋላ አንድ ተጨማሪ ዜን ኮምፔሪንግ ጨምሪ፦

ተማሪ -> ተማሪ.መለያ_ቁጥር()

ይህንኑ ሁለቱን ቁጥሮች በመቀናነስ የሚጽፉ አሉ፤ ኢንት ከ2,147,483,647 ሲያልፍ ወደ ኔጌቲቭ ስለሚገለበጥ ተራው ይዛባል፣ አንቺ በኮምፔሪንጉ ቆዪ። ሁለቱን ሠናይቶችም ከዓለም፣ ከኃይሉና ከፀሐይ ጋር ቴስትሽ ውስጥ ጨምሪያቸው፤ ስትደረድሪያቸው ጎን ለጎን፣ ስትቆጥሪያቸው ሁለት መሆን አለባቸው።